ምዕራፍ አምስት፦ የሚነቀለው ስዊች

ሙሉ መጠን ያለው ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ 104 ቁልፎች አሉት። 103ቱ ደህና ሆነው አንዷ ብቻ እንቢ ካለች ኪቦርዱ ተበላሸ ይባላል። ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። ፊደሎቹ ከላያቸው ተፍቀው ከጠፉ ቁልፎች መካከል ጸሐፊዋ አንዷን ለይታ ጠበቅ አድርጋ ትመታለች፤ ካልሰማቻት ትደግማለች። ጣቷ ለምዶታል። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ በአንድ ቁልፍ ምክንያት ከሥራ የወጡ ኪቦርዶች ተደራርበው አቧራ ለብሰዋል።

እነዚያ ኪቦርዶች የማይጠገኑት ጠጋኝ ጠፍቶ ሳይሆን አሠራራቸው ስለማይፈቅድ ነው። በርካሹ ኪቦርድ ውስጥ ቁልፍ ራሱን የቻለ ዕቃ አይደለም። ከሥሩ ያለው አንድ ወጥ የጎማ ምንጣፍ ነው፤ በየቁልፉ ቦታ ትንሽ ጉልላት ወጥቶለታል። ከጎማው በታች ሦስት ስስ የፕላስቲክ ሉሆች ተነባብረዋል። የላይኛውና የታችኛው ሉህ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቀለም በመስመር በመስመር ታትሟል፤ መካከለኛው ሁለቱን ይለያያል፣ በየቁልፉ ሥር ግን ቀዳዳ አለው። ጣት ሲጫን ጉልላቱ ይሰምጥና በቀዳዳው በኩል ሁለቱን መስመሮች ያነካካል። ስኳር ያለው ሻይ በሉሆቹ መካከል ከገባ፣ ወይም አንዱ የቀለም መስመር ከተበላ፣ የሚቀየረው ሙሉው ሉህ ነው። ሉሁን ለብቻው የሚሸጥ ስለሌለ ዞሮ ዞሮ የሚቀየረው ኪቦርዱ ይሆናል።

ሜካኒካል የሚባለው ኪቦርድ ከዚህ የሚለየው በድምፁ ወይም በሚያበራው መብራት አይደለም፤ እነዚህ ጌጥ ናቸው። ልዩነቱ እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ የራሱ የሆነ ሙሉ ስዊች ያለው መሆኑ ነው። ስዊቹ ከጎረቤቱ ጋር ጎማም ሉህም አይጋራም።

የዛሬዎቹ ስዊቾች አብዛኞቹ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ዋልተር ቼሪ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 በኢሊኖይ ግዛት የመሠረተውና በኋላ ማዕከሉን ወደ ጀርመን ያዛወረው ቼሪ የተባለው ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤምኤክስ የተሰኘውን ስዊች አወጣ። በዚያው ዘመን አይቢኤም ሞላው እየታጠፈ በሚንቋቋው ኪቦርዱ ዝነኛ ነበር፤ በ1985 የወጣው ሞዴል ኤም የተባለው ዛሬም የሚጽፍበት ሰው አለ። ዘር ያፈራው ግን የቼሪ ስዊች ነው። አንዱን ፈልቅቆ ማየት ደግሞ ብዙ ነገር ይገልጣል።

መጠኑ ትልቅ አይደለም። ኪቦርዱ ውስጥ የሚቀመጠው እያንዳንዱ ጎኑ 14 ሚሊ ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው። የላይ ቤትና የታች ቤት አለው፤ ሁለቱም ፕላስቲክ ናቸው። በመካከላቸው አናቱ መስቀል ቅርጽ ያለው ዘንግ ይወጣል ይወርዳል፤ ፊደል የተጻፈበት የቁልፉ ክዳን የሚሰካው በዚሁ መስቀል ላይ ነው። ከዘንጉ ሥር ሞላ አለ። በአንድ ጎን ደግሞ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ቅይጥ ላሜራዎች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ጫፋቸው በታችኛው ቤት በኩል ወጥቶ ሁለት ፒን ይሆናል።

ቁልፍ ስንጫን ጣታችን ሁለቱን ብረቶች ገፍቶ የሚያገናኝ ሊመስለን ይችላል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ዘንጉ በጎኑ ሁለት አጫጭር እግሮች አሉት። ቁልፉ ሳይነካ በቆመበት ሰዓት እነዚህ እግሮች አንደኛዋን ላሜራ ገፍተው ከሌላዋ አርቀው ይይዟታል። ቁልፉ ሲጫን ዘንጉ ይወርዳል፣ እግሮቹ ከላሜራዋ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ላሜራዋም በራሷ መለጠጥ ተመልሳ ጓደኛዋን ትነካለች። የጣት ሥራ መልቀቅ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያቺ ጸሐፊ እንደምታደርገው ጠበቅ አድርጎ መምታት እዚህ ምንም አይጠቅምም። ሁለቱ ብረቶች የሚነካኩበት ኃይል ከላሜራዋ እንጂ ከጣት አይመጣም። ዘንጉ ከላይ እስከ ታች 4 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ መስመሩ የሚገናኘው ግማሽ መንገድ ላይ፣ 2 ሚሊ ሜትር ግድም ሲወርድ ነው። በዚህ ምክንያት እስከ ታች ሳይደፉ በግማሽ ተጭኖ መጻፍ ይቻላል፤ ጣት ቶሎ የማይደክመውም ይህን ሲለምድ ነው።

የስዊች ዓይነቶች ልዩነትም የሚመጣው ከእነዚሁ እግሮች ቅርጽና ከሞላው ጥንካሬ ነው። እግሮቹ ለስላሳ ከሆኑ ዘንጉ ያለ አንዳች እንቅፋት ይወርዳል፤ ቼሪ ቀይ ብሎ የሚሸጠው እንዲህ ያለውን ነው፣ 45 ሴንቲኒውተን ይፈልጋል፣ ይህም 45 ግራም ያህል ክብደት ጣት ላይ እንደማሳረፍ ነው። ጥቁሩ ያው ነው፣ ሞላው ግን ይጠነክራል፣ 60 ይፈልጋል። ቡናማው እግሩ ላይ ትንሽ ጉብታ አለችው፤ ላሜራዋ ጉብታዋን ስታልፍ ጣት ነካ የምታደርግ ነገር ይሰማዋል። ሰማያዊው ደግሞ በዘንጉ ላይ ተጨማሪ ተንሸራታች ቁራጭ አለው፤ መስመሩ በሚገናኝበት ቦታ ቁራጩ ተስፈንጥሮ ቀጭ ይላል። ሌሎች አምራቾች እነዚህን ቀለሞች ወርሰው ይጠቀማሉ፤ ሆኖም ቀለም ሕግ አይደለም፤ የአንዱ ቡናማ ከሌላው ቡናማ ጋር ላይመሳሰል ይችላል።

የእኔን አስተያየት ለሚፈልግ፦ ቡናማው ሁሉንም ለማስደሰት ተሠርቶ ማንንም በደንብ አያስደስትም፤ ጉብታው እጅግ ትንሽ ነው። ሰማያዊው ለብቻው በሚቀመጥ ሰው እጅ ደስ ይላል። ቢሮ ውስጥ፣ ወይም ሕፃን በተኛበት ቤት፣ ሰማያዊ መግዛት ግን ጎረቤትን መናቅ ነው።

ይህ ሁሉ ምርጫ ለረጅም ጊዜ ብዙ ትርጉም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኮምፒውተር እየረከሰ ሲሄድ ርካሹ ጎማ ገበያውን ጠቀለለው፤ የቼሪ ስዊች ባንክ ቤትና የሱቅ ገንዘብ መቀበያ ላይ ቀረ። ሁኔታው የተለወጠው በሁለት ምክንያት ነው። መጀመሪያ የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫዋቾች ፈጥኖና ሳይሳሳት የሚመልስ ቁልፍ ፈለጉ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. 2014 አካባቢ የቼሪ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጊዜው አለፈ፤ ካይል፣ ጌትሮን፣ አውተሙ የሚባሉ የቻይና ስሞች ያንኑ ቅርጽ ያለ ከልካይ ማምረት ቻሉ። ዋጋው ወረደ፣ ዓይነቱም በመቶዎች በዛ። ዛሬ ብዙዎቹ ስዊቾች ከአንድ የአሜሪካ ዶላር ባነሰ ዋጋ ይገኛሉ።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም ነበር። ስዊቹ ራሱን የቻለ ዕቃ ቢሆንም ሁለቱ ፒኖቹ ኪቦርዱ ውስጥ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ በእርሳስ ተበይደዋል። አንዱን ለመቀየር ቦርዱን ከሽፋኑ አውጥቶ፣ እርሳሱን አቅልጦ መጥጦ፣ አዲሱን መልሶ መበየድ ያስፈልጋል። ሁሉንም መቀየር የፈለገ 208 ብየዳ አለበት፤ አንዱ ላይ ሙቀቱ ከበዛ የቦርዱ የመዳብ መስመር ይነሣል። ሞባይል ለሚጠግን ሰው ይህ ተራ ሥራ ነው። ለጸሐፊ፣ ለተማሪ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ግን የማይታሰብ ነው።

መፍትሔው መጀመሪያ የመጣው ከፋብሪካ ሳይሆን ኪቦርድ ከሚሠሩ ጎበዞች ነው። ለሌላ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ የተዘጋጁ መርፌ የሚያህሉ የብረት ቱቦዎችን በቦርዱ ቀዳዳዎች ውስጥ በየዱና ፒኑን በቱቦው ውስጥ ሰኩ። አድካሚ ነው፤ ግን ሠራ። ቀጥሎ ካይል ለዚሁ ሥራ ብቻ የተዘጋጀ ሶኬት ሠርቶ ለኪቦርድ አምራቾች ማቅረብ ጀመረ። ሶኬቱ ከጥፍር የማይበልጥ ፕላስቲክ ነው፤ በውስጡ ሁለት የሚቆነጥጡ የመዳብ ከንፈሮች አሉት። የሚበየደው በቦርዱ ጀርባ ላይ በፋብሪካ በማሽን ነው። ስዊቹ ከፊት በኩል ይገባል፣ ፒኖቹ በቀዳዳው አልፈው ከንፈሮቹ ይይዟቸዋል። አምፖል ሲቃጠል ኤሌክትሪሺያን ሳይጠራ ፈትቶ መቀየር እንደሚቻለው ሁሉ፣ ከዚህ ወዲህ ስዊች የባለቤቱ ዕቃ ሆነ።

አወጣጡን ላሳይ። መጀመሪያ ኪቦርዱን ከኮምፒውተሩ ይንቀሉት። የቁልፉን ክዳን በሽቦ መንቀያው ያንሡ። ከሥሩ የሚታየው ስዊች በላይና በታች ጠርዙ ላይ አንድ አንድ ምላስ አለው፤ ስዊቹን ከተቀመጠበት ሳህን ጋር የሚያያይዙት እነዚህ ምላሶች ናቸው። ሁለት ጥርስ ያለውን መንቀያ በሁለቱ ምላሶች ላይ አስገብተው ይጫኑና ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡ። ግራ ቀኝ ማወዛወዝ ሶኬቱን ያላላል። ሲያስገቡ ደግሞ ከሁሉ በፊት ፒኖቹን ብርሃን ላይ ይዩ። የአንዷ ጫፍ ጎበጥ ያለች ከሆነ ቀዳዳውን ስታ ከስዊቹ ሥር ትተኛለች፤ ስዊቹ ከላይ ሲታይ በደንብ የገባ ይመስላል፣ ቁልፉ ግን አይሠራም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ኪቦርዱን ተበላሸ ይላል። ነቅሎ ፒኗን በወረንጦ ማቃናት በቂ ነው። ፒኖቹ ቀጥ ካሉ ስዊቹን ከቀዳዳው ጋር አስተካክለው በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ሲይዝ ቀጭ ይላል። ጀርባው የሚከፈት ኪቦርድ ከሆነ በሌላ እጅ ሶኬቱን ከኋላ ደገፍ ያድርጉት፤ ያለ ድጋፍ በኃይል መጫን ሶኬቱን ከነመዳቡ ከቦርዱ ሊገነጥለው ይችላል። ያን ጊዜ ወደ ብየዳ ተመለስን ማለት ነው። ሶኬቱ ለዘላለም የተሠራ ዕቃም አይደለም። የካይል ሶኬት የሚታሰብለት መቶ ጊዜ ያህል ለመንቀልና ለመሰካት ነው። ለጥገና ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ በየሳምንቱ ስዊች እየቀያየረ ድምፅ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ላይበቃ ይችላል።

አሁን ስዊች በምን እንደሚበላሽ እንይ፤ ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር እዚህ ላይ ያታልላልና። ቼሪ ለሰማያዊው 50 ሚሊዮን፣ ለቀዩ 100 ሚሊዮን ምት ይናገርለታል፤ ለጎማው ኪቦርድ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ይባላል። በሒሳብ እንየው። በቀን 20,000 ጊዜ ቁልፍ የሚመታ ጸሐፊ አለ እንበል። አማርኛ በላቲን ቁልፎች በድምፅ ሲጻፍ አናባቢዎቹ ሳያርፉ ይመታሉ፤ «ሰላም» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል አምስት ምት ይፈልጋል፣ ሁለቱ የአናባቢ ናቸው። ከአሥር ምት አንዱ በአንዲት አናባቢ ቁልፍ ላይ ቢያርፍ በቀን 2,000፣ በ300 የሥራ ቀን 600,000 ይሆናል። በዚህ ስሌት 5 ሚሊዮን የተባለለት ጎማ በስምንት ዓመት ገደማ ያበቃል። 50 ሚሊዮን የተባለለት ስዊች ደግሞ 83 ዓመት ይቆያል፤ ከጸሐፊው በላይ ይኖራል ማለት ነው።

እውነቱ ግን ስዊች በምት ብዛት አልቆ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። የሚገድለው አቧራ፣ የፈሰሰ ሻይና ቡና፣ እርጥበትና መውደቅ ነው፤ አንዳንዱም ከፋብሪካው ደካማ ሆኖ ይወጣል። እነዚህ ደግሞ ዕድሜ አይመርጡም፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ነክተው ሌላውን ይተዋሉ። የፋብሪካው ቁጥር ምንም ያህል ቢገዝፍ በዚህ ረገድ አያድንም። የሶኬት ጥቅም እዚህ ላይ ነው፣ እኔ እንደማየው ከድምፅም ከምቾትም ይበልጣል። አደጋው የነካውን ብቻ አውጥቶ መጣል ይቻላል።

በሽታው ሁልጊዜ ዝምታ አይደለም። ሁለት ብረቶች ሲነካኩ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሺህኛ ሰከንዶች ውስጥ ደጋግመው ይነጥራሉ፤ ኪቦርዱ ውስጥ ያለችው ቺፕ ይህን ታውቃለች፣ 5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ትታገሥና አንድ ምት ብላ ትመዘግባለች። የላሜራዎቹ ፊት ሲቆሽሽ ንጥሪያው ይረዝማል፤ ከትዕግሥቷ ሲያልፍ አንዱ ምት ሁለት ሆኖ ይገባል። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ይህ ተንኮለኛ ነው። የ«ም» ቁልፍ ሁለቴ ስትመዘግብ «ሰላም» «ሰላምም» ይሆናል፤ ራሱን የቻለ ትክክለኛ ቃል ስለሆነ አራሚም ሊያልፈው ይችላል።

ጥፋቱ የስዊቹ ይሁን የቦርዱ ለማወቅ አንድ ቀላል መንገድ አለ፣ በተበየደ ኪቦርድ ግን አይሠራም። የተጠረጠረውን ስዊች ነቅለው ማንም በማይነካው የፖዝ ቁልፍ ቦታ ይሰኩት፤ የዚያን ስዊች ደግሞ በበሽተኛው ቦታ ያድርጉት። በሽታው ከስዊቹ ጋር አብሮ ከሄደ ስዊቹን ይጣሉት። ባለበት ከቀረ ችግሩ ሶኬቱ ወይም ቦርዱ ነው፣ ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት። የሚንኳኳው ስፔስ ወይም ኢንተር ከሆነ ግን ስዊቹን ባይወነጅሉት ይሻላል። ረጃጅሞቹ ቁልፎች ሚዛን የሚጠብቅላቸው የራሳቸው ሽቦ አላቸው፣ የሚንኳኳውም ብዙውን ጊዜ ሽቦው ነው፤ ጫፉ ላይ ጥቂት ለፕላስቲክ የሚሆን ቅባት ይበቃዋል።

አንድ ቁልፍ ነጥሎ መቀየር አለመቻል ምን ያህል እንደሚያስወጣ ለማየት የአፕልን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 እጅግ ቀጭን የሆነ፣ ቢራቢሮ የተሰኘ የቁልፍ አሠራር በላፕቶፖቹ ላይ አመጣ። ትንሽ ብናኝ ከቁልፉ ሥር ከገባ ቁልፉ ይዝ ወይም ይደጋግም ጀመር። ኪቦርዱ ከላፕቶፑ የላይኛው አካል ጋር ተያይዞ የተሠራ ስለነበር፣ ቁልፉን አንሥቶ ማጽዳት ካልፈወሰው የሚቀየረው ባትሪውን ጨምሮ ያ ክፍል በሙሉ ነበር። በ2018 አፕል የነፃ ጥገና መርሐ ግብር አወጣ፣ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ወደ ቀድሞው አሠራር ተመለሰ፣ በ2022 ደግሞ ከከሳሾች ጋር በ50 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። መነሻው ብናኝ ነበር።

እንግዲህ መግዛት ለሚፈልግ። ስዊቹ የሚነቀል መሆኑን ሻጩ በግልጽ ይንገርዎት፤ ሜካኒካል መሆን ብቻውን አይበቃም፣ ዛሬም ብዙዎቹ የተበየዱ ናቸው። ቀጥሎ ሶኬቱ የሚቀበለውን ይጠይቁ። አንዳንድ ስዊች ከሁለቱ ብረቶች ሌላ አንድ ወፍራም የፕላስቲክ እግር ብቻ አለው፣ አንዳንዱ በጎንና በጎን ሁለት ቀጫጭን ይጨምራል። የኋለኛው ሁሉም ቦርድ ላይ አይገባም፤ ሆኖም ሁለቱ ቀጫጭኖች ለማቃናት ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ በጥፍር መቁረጫ ቢቆረጡ ስዊቹ አይጎዳም። በጣም በረከሱት ኪቦርዶች ላይ ደግሞ የአውተሙን ቀጭን ፒን ብቻ የሚቀበል ጠባብ ሶኬት ያጋጥማል፤ ሌላ ስዊች በግድ ማስገባት ሶኬቱን ያበላሻል። በብርሃን ወይም በማግኔት የሚሠሩት ስዊቾች ከተለመዱት ጋር አይቀያየሩም፤ ለቀጫጭን ኪቦርዶች የተሠሩት አጫጭሮቹም እንዲሁ። ስዊች ፈልቅቆ በውድ ቅባት መቀባትና ድምፁን ማስተካከል የራሱ ደስታ ያለው ሥራ ነው፤ ደብዳቤ ለመጻፍ ግን አያስፈልግም።

አዲስ አበባ ላለ ሰው የመጨረሻዋ ጉዳይ ትርፍ ዕቃ ናት። እንዲህ ያለ ኪቦርድ ብዙውን ጊዜ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በመጣ ሰው ሻንጣ ነው የሚደርሰው፤ አንድ ቁልፍ ሲሞት ዋስትና ብሎ መልሶ መላክ የማይሆን ነገር ነው። አሥር ስዊች ግን በክብሪት ሳጥን መጠን በሁለት ሳጥን ይያዛል፣ ዋጋውም ከኪቦርዱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ኪቦርዱን ሲያስመጡ ከዚያው ዓይነት አሥር ትርፍ ስዊችና አንድ መንቀያ አብረው ያስመጡ።